«ኮአርተምን ሰውነቴ ለምዶታል» እና ሌሎች የወባ ስህተቶች

ፍኖተ ሰላም የሚኖሩት አጎቴ መስከረም ላይ ወባ ያዛቸው። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ኪኒኑን ጀመሩ?»

«ተወኝ ልጄ። ኮአርተም ከእንግዲህ ለእኔ አይሆንም። ሰውነቴ ለምዶታል።»

ሰውነታቸው ምንም አልለመደም። ይህን ለማስረዳት ካርዴ እስኪያልቅ አወራሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወባና ስለ መድኃኒቱ ሲወራ የምሰማቸውን ስህተቶች መልቀም ጀመርኩ። ቀላል አይደሉም።

የአጎቴን እናስቀድም። ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ራሱ ያሳስታል። «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ሲባል ሰምተናል። መላመድ ሲባል ደግሞ ቶሎ የሚታየን ሰው ነው። ጠላ ለመደ፣ ቡና ለመደ እንላለን። እዚህ ላይ ግን መድኃኒቱን የሚቋቋመው ተህዋሲው ነው። ኮአርተም በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሕፃን እንኳ መድኃኒት የሚቋቋም ወባ ሊይዘው ይችላል፤ ትንኟ ከሌላ ሰው አምጥታ ትሰጠዋለች። አሥር ጊዜ ኮአርተም የወሰደ ሰው ደግሞ በ11ኛውም ሊድንበት ይችላል።

«እሺ፣ ሰውነቴ ካልሆነ ተህዋሲው ነዋ የለመደው!» ይህም ልክ አይደለም። ተህዋሲው አይማርም። ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው የወባ ተህዋሲ ሙሉ ዘረመሉ እ.ኤ.አ. በ2002 ተነብቧል። ወደ 23 ሚሊዮን ፊደላት አሉት፣ በ14 ክሮሞሶሞች ላይ። በታመመ ሰው ደም ውስጥ ተህዋሲው በቢሊዮኖች ሊባዛ ይችላል። በተባዛ ቁጥር ይህ ሁሉ ፊደል ይገለበጣል። ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አንዳንዴ ፊደል እንደሚስተው ሁሉ እዚህም ይሳታል። አብዛኛው ስህተት ከንቱ ነው። አንዱ ግን በአጋጣሚ ተህዋሲው መድኃኒቱን እንዲቋቋም የሚያስችል ይሆናል። መድኃኒቱ ሲመጣ ሌላው ተህዋሲ ያልቃል፣ ይህ ስህተት ያለበት ይቀራል። የስንዴ ማሳ የረጨ ገበሬ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የቅጠለ ሰፋፊ አረም መድኃኒት በየዓመቱ ከረጨ ማሳውን ሙጃ ይወርሰዋል። ሙጃውን ያስተማረው የለም። ሌላው ሲሞት እሱ ቦታ አገኘ፣ በቃ።

ቀጥሎ በጣም የሚያናድደኝ አለ። «ተመራማሪዎች መድኃኒት የሚቋቋም ወባ አገኙ» የሚል ዜና ይወጣል። በማግስቱ «ኮአርተም አይሠራም ተብሏል» ተብሎ ይወራል። እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ዜናው መሠረት አለው። ኬልች 13 የሚባል ጂን አለ። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ በሚባሉ ጡቦች ይገነባል፤ ከዚህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን 622ኛ ጡቡ አርጂኒን መሆን ሲገባው አይሶሉሲን የሆነበት ተህዋሲ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ተገኝቷል። ተመራማሪዎች አር 622 አይ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ የተሰበሰቡ 609 ናሙናዎችን አይቶ ይህን ለውጥ 8 በመቶው ላይ አግኝቶታል።

ኮአርተም ግን ሁለት መድኃኒት ነው። አርቴሜተር ቶሎ ደርሶ ተህዋሲውን ያመነምነዋል፣ በሰዓታት ውስጥም ከደም ይጠፋል። ሉሜፋንትሪን ለቀናት ቆይቶ የተረፈውን ይለቅማል። የኬልች 13 ለውጥ የሚያዘገየው የመጀመሪያውን ነው። በሦስት ቀን ከደም መጥፋት የነበረበት ተህዋሲ ይቆያል። ሉሜፋንትሪን እስከሠራ ድረስ አብዛኛው ሰው ይድናል። ለዚህ ነው «ከፊል መቋቋም» የሚባለው። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒት ይቀየር የሚለው ክትትል ከተደረገላቸው ታካሚዎች ከ10 በመቶ በላዩ ሳይድን ሲቀር ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የተገኘ የጂን ለውጥና ያልዳነ ታካሚ አንድ አይደሉም። «ከፊል ከሆነማ ምን አስጨነቀን» የሚሉትም አሉ። እነሱ ደግሞ ካምቦዲያን ይዩ። እዚያ አርቴሚሲኒኑ፣ ማለትም አርቴሜተር የሚመደብበት የመድኃኒት ወገን፣ ሲዳከም ሸክሙ ሁሉ አብሮት በሚሰጠው መድኃኒት ላይ ወደቀ። ቆይቶ ፒፐራኪን የተባለው ያ አጋዥም ተሸነፈ።

የእኛ ሉሜፋንትሪን እንዲህ እንዳይሆን ኪኒኑን በአግባቡ መዋጥ ነው። አዋቂ ሰው በሦስት ቀን 24 ፍሬ ይወስዳል፤ በአንድ ጊዜ 4፣ በድምሩ 6 ጊዜ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ። ችግሩ ትኩሳቱ ቶሎ መብረዱ ነው። ሰው «ተሻለኝ» ይልና የቀረውን ለልጆቹ ብሎ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል። ደም ውስጥ የቀረው ተህዋሲ ደግሞ ግማሽ መድኃኒት ቀምሶ ይተርፋል። ሌላው ብዙም የማይነገር ነገር ምግቡ ነው። ሉሜፋንትሪን ያለ ቅባት በደንብ ወደ ደም አይገባም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ የወባው ወቅት ገና አላለፈም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን ቆይቶ ኪኒኑን በውኃ ብቻ የሚውጥ ሞልቷል። የታመመ እንዳይጾም ቄሱም ይፈቅዳሉ። እምቢ ያለም ቢሆን ዘይት ጠብ ያለበት ሽሮ ቀምሶ ይዋጥ።

«ድኜ ነበር፣ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰብኝ፤ መድኃኒቱን ተቋቁሟል።» ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርደው ከተመለሱ ልጆች ይህን በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ አይደለም። ወባው ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ከሆነ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳል። ኮአርተምም ሆነ የቆየው የወባ ኪኒን ክሎሮኪን ጉበት ውስጥ ያለውን አይነካውም። ለእሱ ጤና ባለሙያው አይቶ የሚያዘው ፕሪማኪን አለ። የ14 ቀን ነው፣ ሰውም አሰልቺ ነው እያለ ያቋርጠዋል። ፋልሲፓረም ከሆነ ደግሞ አዲስ ትንኝ ነክሳ ይሆናል። የጂን ምርምር እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ተመራማሪዎቹ ሕክምናው ሲጀመርና ወባው ሲመለስ የተወሰደውን ደም ጎን ለጎን ያደርጋሉ። ከተህዋሲ ተህዋሲ የሚለያዩትን ኤምኤስፒ 1 እና ኤምኤስፒ 2 የመሳሰሉ ጂኖች ያነጻጽራሉ። ከተለያዩ አዲስ ወባ ነው። ከተመሳሰሉ ያው የድሮው አልሞተም ማለት ነው።

«ምርመራው ነጻ ነህ ብሎኛል» ብሎ ከነትኩሳቱ መተኛትም ስህተት ነው። ብዙዎቹ ፈጣን ምርመራዎች የሚፈልጉት ኤችአርፒ 2 የሚባል የፋልሲፓረም ፕሮቲን ነው። ይህን ጂን የጣለ ተህዋሲ በአገራችን አለ። አንዳንዱ የኬልች 13 ለውጥም አብሮት አለው፤ ከምርመራም ያመልጣል፣ ከመድኃኒትም ይዘገያል። ትኩሳቱ ካልለቀቀ ጤና ጣቢያ ሄዶ በማይክሮስኮፕ መታየት ነው።

ለዚህ ምርምር ደም ሲወሰድ «ሊሸጡት ነው» የሚለውን ወሬማ ተዉት። ጣት ተወግቶ ጥቂት ጠብታ ወረቀት ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ የተህዋሲው ጂን ይነበባል።

የመጨረሻው «አንዴ የተሸነፈ መድኃኒት ሞቷል» የሚለው ነው። ማላዊ እ.ኤ.አ. በ1993 ክሎሮኪንን ተወች። ከዓመታት በኋላ መድኃኒቱን የሚቋቋመው ተህዋሲ ጠፍቶ ክሎሮኪን ፋልሲፓረምን እንደገና ሲያድን ታየ። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው «ያ መራራ ኪኒን ሊመለስ ነው በለኛ!» አሉ። እኛ ዘንድ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልሄደም። ለቫይቫክስ እስካሁን ሲሰጥ ስለኖረ ፋልሲፓረሙም አብሮ ሲቀምሰው ከርሟል።

ለማንኛውም 24ቱን ጨርሰዋል። ባዶውን ማሸጊያ በስልክ አስቆጥሬያቸዋለሁ።