ከራስዎ ሰርቨር የሚላክ ኢሜይል ስፓም ውስጥ እንዳይቀር እንዴት ይደረጋል?

ጥምቀት ሲቃረብ የጎንደር እንግዳ ማረፊያዎች ሥራ እንግዳ ለጠየቀው ኢሜይል ቶሎ መመለስ ነው። ፒያሳ አካባቢ ላለች አንዲት ማረፊያ የሜይል ሰርቨር ተክዬ ነበር። "ክፍልዎ ተይዟል" የሚለው መልስ የእንግዶቹ ስፓም ውስጥ ሲገባ፣ እነሱ መልስ የለም ብለው ሌላ ቦታ ይይዛሉ። "ልጄ፣ እኔ እኮ የዚያኑ ዕለት መልሻለሁ" ያሉኝ ባለቤቷ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፉም። ሰርቨሩን ስነካካ ብዙ ቀን ፈጀሁ፤ ችግሩ ግን አይፒው፣ ማለትም የሰርቨሩ የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር፣ ላይ ነበር።

ስለዚህ ከአይፒው ይጀምሩ። ቁጥሩን ስፓምሃውስ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ጥቁር መዝገብ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ይዩ። የቀድሞው ተከራይ ስፓም ልኮበት ከሆነ ዕዳው ለእርስዎ ይተርፋል፤ ያስቀይሩት። ለቤት ኢንተርኔት የሚሰጥ ተለዋዋጭ አይፒ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ፖርት 25 (ሰርቨሮች ኢሜይል የሚለዋወጡበት በር) ለመላክ ክፍት መሆኑንም አይፒውን የሰጠዎትን ድርጅት ይጠይቁ።

እግረ መንገድዎን ፒቲአር ያስሞሉ። አይፒውን ወደ ስም የሚመልሰው መዝገብ ይህ ነው። በዶሜይንዎ (በኢሜይል አድራሻዎ ከ@ በኋላ ያለው ስም) ማስተዳደሪያ ገጽ ላይ ቢፈልጉት አያገኙትም፤ የሚሞላው አይፒውን የሰጠዎት ድርጅት ነው። የሚሞላው ሰርቨሩ ራሱን የሚጠራበት ስም ይሁን፤ ስሙም ወደዚያው አይፒ ይምራ። መልስ ሊዘገይ ስለሚችል ጥያቄውን ከበዓሉ ብዙ ቀደም ብለው ያስገቡ።

ኤስፒኤፍ፣ ማለትም በዶሜይንዎ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝረው መዝገብ፣ ቀላል ነው፤ ለአንድ ዶሜይን አንድ መዝገብ ብቻ ይጻፉ፣ ሁለት ከሆነ ይበላሻል።

ዲኬአይኤም (መልእክቱ ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ) ላይ ግን ረጋ ይበሉ። ፊርማው የሚረጋገጥበት ባለ 2048 ቢት ቁልፍ ረጅም ነው፤ በዲኤንኤስ (የዶሜይን መዝገቦች የሚቀመጡበት ማውጫ) አንድ የጽሑፍ ቁራጭ ደግሞ ከ255 ፊደል በላይ አይዝም። አንዳንዱ ገጽ ራሱ ይከፍለዋል፣ አንዳንዱ መሃሉ ላይ ይቆርጠዋል። ካስገቡ በኋላ መልሰው ያንብቡት፤ የመጨረሻዎቹ ፊደላት መኖራቸውን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

ዲማርክ እነዚህን ፍተሻዎች ያላለፈ መልእክት ምን ይደረግ የሚለውን ለተቀባዩ የሚናገር መዝገብ ነው፤ መጀመሪያ "ምንም አታድርግ" በሚለው ደረጃ ይክፈቱት። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጂሜይል ከማንኛውም ላኪ ፒቲአርና ቢያንስ ከኤስፒኤፍና ከዲኬአይኤም አንዱን ይጠይቃል። በቀን 5,000 መልእክትና ከዚያ በላይ ወደ ጂሜይል የሚልክ ኤስፒኤፍን፣ ዲኬአይኤምንና ዲማርክን ሦስቱንም ማሟላት አለበት። ትንሽ ላኪም ቢሆኑ ሦስቱን ያሟሉ እላለሁ።

አሁን ወደ ራስዎ ጂሜይል ይላኩና የመልእክቱን ዋና ቅጂ ("Show original") ይክፈቱ። ሦስቱም አጠገብ "ፓስ" (PASS፣ አልፏል) የሚል ካላዩ ለእንግዳ አይላኩ። ካዩ በየቀኑ በጥቂቱ ይጀምሩ። የጅምላ ማስታወቂያ ከዚህ ሰርቨር አይውጣ፤ ጂሜይል የስፓም አቤቱታ 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይፈልጋል፣ ይህም ከ1,000 መልእክት 3 ሰው ማለት ነው።