ጃንጥላ ያበቀለ በርጩማ፦ የሌለ ዕቃ ወረቀት ላይ እንዴት ይነደፋል?

የዲዛይን ድሮዊንግ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የተሰጠን የቤት ሥራ "የሌለ ዕቃ ፈጥራችሁ ሳሉ" የሚል ነበር። እኔ የሚበር ባጃጅ ሳልኩ። ክንፍ አለው፣ ከኋላው እሳት ይተፋል። በጣም ኮርቼበት ነበር። መምህራችን ወረቀቱን አየት አደረጉና "ተሳፋሪው በየት በኩል ነው የሚገባው?" አሉኝ። ለካ ክንፉ መግቢያውን ዘግቶታል!

ዕቃው ባይኖርም የሚጠቀምበት ሰው አለ። ክብደት አለ፣ ዝናብ አለ፣ እጅ አለ። ስዕሉ እነዚህን ካልመለሰ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። እስቲ አንድ ዕቃ ከዜሮ ጀምረን እንንደፍ። ጃንጥላ ያለው የጅማ በርጩማ።

ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። በአንድ በኩል የተጻፈበት ኤፎር ወረቀት ይበቃል። ኤች ቢ እና 2ቢ (ለስለስና ጠቆር ያለው) እርሳስ፣ አንድ እስክሪብቶ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር። ማስመሪያው እስከ አምስተኛው ደረጃ አይነካ። ላጲሱን ደግሞ ከተቻለ ደብቁት። ላጲስ አጠገቡ ያለ ሰው አንዱን መስመር አሥር ጊዜ ያጠፋል፤ ሁለተኛውን መስመር ሳይደርስበት ይመሻል።

አንደኛ፦ የሚያስቸግር ነገር ፈልጉ

ጅማ ዝናብ አይቸግራትም። ነሐሴ ላይ ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ዳር በቆሎ የሚጠብሱ አንድ እናት አሉ። ድንጋይ ላይ ነው የሚቀመጡት። በአንድ እጃቸው ማራገቢያ፣ በሌላው ጃንጥላ ይይዛሉ። በቆሎውን ለማገላበጥ ወይ ገንዘብ ለመቀበል ሦስተኛ እጅ የለም። ስለዚህ ጃንጥላውን በአገጫቸውና በትከሻቸው መካከል ሸጉጠው ይይዙታል።

ማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ዝናብ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ሁለቱም እጁ ነፃ ይሁን።" ልብ በሉ፣ "ጃንጥላ" የሚል ቃል የለበትም። "በርጩማ" የሚልም የለበትም። መፍትሔውን ጥያቄው ውስጥ ከጻፋችሁት ማሰብ አቁማችኋል ማለት ነው። ችግሩን ብቻ ጻፉ።

ሁለተኛ፦ ያለውን ዕቃ ለኩ

የሌለውን ከመሳላችሁ በፊት የቅርብ ዘመዱን ሳሉ። የእኔ ዕቃ ዘመዱ በርጩማ ነው፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ። ለምን ሦስት እግር? ባለ አራት እግር ወንበር ወጣ ገባ መሬት ላይ ይንገዳገዳል፤ አንዱ እግር አየር ላይ ይቀራል። ሦስት እግር ግን ምንም ዓይነት መሬት ላይ ሁሉም ይነካሉ። እግሮቹ ወደ ውጭ ዘርዘር ማለታቸው ደግሞ እንዳይገለበጥ ነው። ይቺን ነገር አስታውሱልኝ፣ ኋላ ላይ ታስቸግረናለች።

ቤት ያለውን ለካሁ። ቁመቱ 32 ሴንቲ፣ የመቀመጫው ስፋት 34 ሴንቲ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ከመቀመጫው እስከ አናቴ ድረስ እህቴ ለካችኝ፤ 83 ሴንቲ። የሰውነት ልክ ከሌለ ምናባዊ ዕቃ ወይ የአሻንጉሊት ወይ የግዙፍ ሰው ይሆናል።

ሦስተኛ፦ ብዙ፣ ትንሽ፣ ፈጣን

አንድ ኤፎር አራት ጊዜ እጠፉት። ሲዘረጋ 16 ክፍል ይሆናል። በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሐሳብ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። በእስክሪብቶ፣ እንዳይጠፋ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ማንም የሚያስባቸው ናቸው። ኮፍያ የመሰለ ጃንጥላ፣ ጀርባ ላይ የሚታዘል ጃንጥላ ወዘተ። ከስምንት በኋላ አእምሮ ይደርቃል። ተስፋ አትቁረጡ፣ ደህናው ነገር የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። እኔ አሥራ አንደኛው ላይ ልጅ ሆነን ዝናብ ሲይዘን የምንደፋው የእንሰት ቅጠል ትዝ አለኝና ከበርጩማው ላይ ቅጠል የበቀለ አድርጌ ሳልኩት። ወንድሜ አይቶ "ምንድን ነው ይሄ፣ ችግኝ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። የመረጥኩት ግን እሱን ነው።

የጃንጥላውን ዘንግ መጀመሪያ የተከልኩት መቀመጫው መሐል ነበር። አያችሁት? ሰውዬው የት ይቀመጥ? የባጃጁ ነገር ተመልሶ መጣ። ዘንጉን ወደ ኋላኛው እግር አዛወርኩት።

አራተኛ፦ ክብን በሥርዓት መሳል

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ስለዚህ ቀስ እንበል።

ቡና ሲፈላ ረከቦቱ ፊት ተቀመጡ። ሲኒውን ቁልቁል ስታዩት አፉ ሰፊ ክብ ነው። አሁን ሲኒውን ቀስ እያላችሁ ወደ ዓይናችሁ ከፍ አድርጉት። ክቡ እየጠበበ፣ ሞላላ እየሆነ ይሄዳል። ልክ ዓይናችሁ ትይዩ ሲደርስ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ከዓይናችሁ በላይ ካለፈ ደግሞ ውስጡ መታየቱ ቀርቶ ቂጡ ይታያል። ይህ ሞላላ ክብ ኤሊፕስ ይባላል። ከዓይን ከፍታ በራቀ ቁጥር ይሰፋል፣ በቀረበ ቁጥር ይጠብባል። (ቡናው ያለበትን ሲኒ አታንሱ፤ ቅድሚያ ጠጡት።)

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሚሰመረው በርጩማው ሳይሆን የዓይናችሁ ከፍታ ነው። አንድ ስስ አግዳሚ መስመር። በእኛ ዕቃ መስመሩ በመቀመጫውና በጃንጥላው መካከል ያልፋል። መቀመጫው ከመስመሩ በታች ስለሆነ ላዩ ይታያል። ጃንጥላው ከመስመሩ በላይ ስለሆነ ሆዱ ይታያል፣ ሽቦዎቹም ጭምር። ሁለቱንም ከላይ እንደሚታዩ አድርጎ የሳለ ሰው ዕቃው ለሁለት የተሰበረ ያስመስለዋል።

ጅረን ላይ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ወጥታችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩን አይታችሁታል። ከዚያ ቁልቁል የምታዩት የከተማው ጣሪያ ሁሉ ላዩን ነው። ገበያ ውስጥ ቁጭ ስትሉ ግን ከላያችሁ ያለውን ሸራ ከሥሩ ነው የምታዩት።

ሁለተኛው ነገር፦ የኤሊፕሱ አጭር መሐለኛ መስመር (በጠባቡ በኩል ለሁለት የሚከፍለው) ከዘንጉ ጋር አንድ መስመር ላይ ይዋል። ዘንጉ ካዘነበለ ኤሊፕሱም አብሮት ያዘንብላል። ጃንጥላው ከዘንጉ ላይ ሊወድቅ የደረሰ ከመሰለ ጥፋቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይሄ ነው።

ሲስሉ ጣትን አይደለም፣ ትከሻን ማንቀሳቀስ ነው። እጃችሁን ወረቀቱን ሳትነኩ ሁለት ሦስት ጊዜ በአየር ላይ አዙሩ፤ መንገዱን ሲለምድ አውርዱት። ክቡ ሁለት ሦስቴ ቢደራረብ ግድ የለም። ፈርቶ ከተቆራረጠ መስመር በድፍረት የተደራረበ ይሻላል።

አምስተኛ፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ

አሁን ማስመሪያ ይውጣ። መጠኑን 1 ለ 5 አድርጉት፤ 5 ሴንቲ በእውን፣ 1 ሴንቲ በወረቀት።

ዘንጉ ሲሰበሰብ በኋላኛው እግር ውስጥ እንዲደበቅ ፈለግኩ። እግሩ 32 ሴንቲ ነው። ስለዚህ እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚሳብ፣ እያንዳንዱ 30 ሴንቲ የሆነ አራት ቱቦ ያስፈልጋል። አራቱ 120 ሴንቲ ናቸው። ግን እያንዳንዱ ቱቦ በታችኛው ውስጥ፣ የመጀመሪያውም በእግሩ ውስጥ፣ 5 ሴንቲ መቅረት አለበት። አራት መጋጠሚያ፣ 20 ሴንቲ። ከመቀመጫው በላይ 100 ሴንቲ ቀረን። ከአናቴ በላይ 17 ሴንቲ። በቂ ነው። ጨርቁና ሽቦው ተጣጥፎ ከመቀመጫው ሥር፣ በእግሮቹ መካከል ይንጠለጠላል። ሙሉ ቁመቱ 132 ሴንቲ፣ በወረቀት 26.4 ሴንቲ። የኤፎር ቁመት 29.7 ስለሆነ ለጥቂት ይገባል።

ከፊት ሳልኩት፣ ያምራል። ከጎን ስስለው ግን ደነገጥኩ። እግሩ ወደ ውጭ ዘርዘር ያለ ነው ብለን አልነበር? እግሩ ታች ወደ ኋላ ከወጣ፣ ከውስጡ የሚወጣው ዘንግ ደግሞ ጫፉ ወደ ፊት ያዘንብላል። የ10 ዲግሪ ዝንባሌ 100 ሴንቲ ላይ ሲደርስ ወደ 18 ሴንቲ ይሆናል። የተቀመጠውን ሰው ማጅራት ይገፋዋል! የፊት ስዕሉ ይህን በፍጹም አላሳየኝም። ስለዚህ ሦስቱን አቅጣጫ ሳትስሉ ዕቃውን አታሳምሩ። እኔ የኋላኛውን እግር ቀጥ አደረግኩት፣ ሁለቱን የፊት እግሮች ይበልጥ ዘረጋሁ።

ስድስተኛ፦ ማሳመር

ይሄ አጭር ነው። የዕቃውን ዙሪያ በወፍራም መስመር፣ ውስጡን በስስ። ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ ይምጣ፤ በተቃራኒው በኩል በ2ቢ አጥቁሩ። መሬት ላይ ጥላ ካልጣለ ዕቃው ይንሳፈፋል። ዘንጉን የሚስብ አንድ እጅ ጨምሩ፣ መጠኑ ወዲያው ይገባል። ማብራሪያውን በቀስት አጭር አጭር አድርጋችሁ ጻፉ፦ "ዋንዛ እንጨት"፣ "የሚሳብ ቱቦ"፣ "ውኃ የማያስገባ ጨርቅ"። ከአምስት ቀስት በላይ ከሆነ ስዕሉ ራሱ አልተናገረም።

ሰባተኛ፦ ለባለ ጉዳዩ አሳዩ

ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍኜ በቆሎ ጠባሿ እናት ጋ ሄድኩ። በቆሎ ገዝቼ ስዕሉን ዘረጋሁላቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። በርጩማውን ወደዱት። ቱቦው እንዴት እንደሚሳብ ጠየቁኝ፣ አስረዳኋቸው።

"ቆንጆ ነው ልጄ" አሉ። "ግን እኔ ብረጥብ ምን እሆናለሁ? ዝናቡ የሚያጠፋብኝ ከሰሉን ነው።"

ምድጃው ያለው ፊታቸው ነው። ግማሽ ቀን ፈጅቼ ያቃናሁት ዘንግ ለካ ወደ ፊት ማዘንበል ነበረበት፣ ያውም ከ18 ሴንቲ በላይ። ጨርቁስ ከሰል ላይ ቢቃጠል? ሜትሩን አውጥቼ ከድንጋዩ እስከ ምድጃው ለካሁ። በቆሎዬን እየበላሁ ቤቴ ሄድኩና አዲስ ኤፎር አራት ጊዜ አጠፍኩ።