ጸጋችሁን ሰው ለማነጽ እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ? ደሴ ኮምቦልቻ ላላችሁ ልጆች

ብዙ ልጆች "ጸጋዬን፣ መንፈስ ቅዱስ ለማገልገል የሰጠኝን ስጦታ፣ በምን ልወቅ" ይላሉ፣ እኔ ጥያቄውን ገልብጡት ባይ ነኝ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው ምን ጎድሎታል? ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 12 ላይ ጸጋ የሚሰጠው ለሁሉም ጥቅም ነው ይላል፣ ሮሜ 12 ላይ ደግሞ መምከርን፣ መስጠትን፣ ምሕረት ማድረግን ከትንቢት ጋር አንድ ላይ ነው የቆጠራቸው። ስለዚህ ማይክ ካልያዝኩ ጸጋ የለኝም አትበሉ፣ ለቅሶ ቤት ቀድማ እንጀራ ይዛ የምትደርሰው እህትም እያገለገለች ነው።

መጀመሪያ ስሙ። እኛ ጋ የሰው ሆድ የሚከፈተው ቡና ላይ ነው፣ አቦሉ ሳይቀዳ "በሉ እንጸልይ" ብሎ መነሳት ምን የሚሉት ነው? እስከ በረካ ቁጭ በሉ።

እንበል አንዲት እናት ልጃቸው በጅቡቲ በየመን አድርጋ ሳዑዲ ልትገባ ወጥታ ድምጿ ጠፍቷል፣ ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል መቼም። እዚህ ጋ "ጌታ አሳይቶኛል፣ ደህና ናት" የሚለው ቃል ምላስ ላይ ይመጣል፣ ካልተነገራችሁ ዋጡት፣ ምክንያቱም እናትየዋ በዛች ቃል ነው ውለው የሚያድሩት፣ ነገ ሌላ ወሬ ቢመጣ የሚሰበረው ልባቸው ብቻ አይደለም እምነታቸውም ነው። ይልቅ "እማማ፣ ልጅዎ ስሟ ማነው? አሁን እንጸልይላት?" በሏቸው፣ ከዛ ስሟን እየጠራችሁ በሚገባቸው አማርኛ አጠር አርጋችሁ ጸልዩ። ልሳኑን፣ ሰሚው የማይረዳውን የመንፈስ ቋንቋ፣ ለብቻችሁ ስትሆኑ ጸልዩበት፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 14 በልሳን የሚናገር ራሱን ያንጻል ነው የሚለው፣ ያልገባው ሰው እንዴት አሜን ይበል? ጳውሎስ ራሱ በጉባኤ ከእልፍ የልሳን ቃል አምስት የሚገባ ቃል ይሻለኛል ብሏል። ሙስሊም ጎረቤት ከሆኑ ደግሞ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ ወለዬ ዱዓ የለመደ ሰው ነው "ልጸልይልዎ?" ስትሉት አይደነግጥም፣ ግን ሀዘናቸውን መስበኪያ አታድርጉት በናታችሁ።

ከጌታ መልዕክት አለኝ የምትሉ፣ ያው 1ኛ ቆሮንቶስ 14 ቁጥር 3 ወንፊቱን ሰጥቷችኋል፣ ያንጻል? ይመክራል? ያጽናናል? ካለፈ "እንዲህ ይመስለኛል፣ አንቺም መዝኚው" ብላችሁ ንገሩ፣ ቁጥር 29 ላይ ሌሎቹ ይመዝኑት የሚለው ለናንተም ነው፣ "ጌታ እንዲህ ይላል" ብላችሁ ከጀመራችሁማ ማን ይመዝናል። የሚከብድ ነገር ከሆነ አስቀድማችሁ ለቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች አሳዩ። እገሌን አግቢ፣ ብር አምጪ፣ መድኃኒትሽን አቁሚ የሚል መልዕክት ግን ጭራሽ ከአፋችሁ እንዳይወጣ፣ ያዕቆብ 5 ሽማግሌዎች ዘይት ቀብተው ለታመመው ይጸልዩ አለ እንጂ ኪኒኑን ጣሉት አላለም።

በሳምንቱ ወደ እናትየዋ ተመለሱ፣ ካልቻላችሁ ደውሉ። ልጅቷ ከደወለች አብራችሁ አመስግኑ፣ ካልደወለችም ሂዱ፣ የሚባል ነገር ቢጠፋ ቡናውን ቁሉላቸው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልጨምር፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ለእገሊት ጸልዩላት፣ ባሏ ጥሏት ሄዶ ነው" ብሎ መለጠፍ ሐሜት ነው። ሳታስፈቅዱ ስም አትጻፉ፣ "አንዲት እህታችን" ካላችሁ ይበቃል፣ እግዜር ማን እንደሆነች ያውቃል።