ከራስ ካምፓኒ በወር 26 ፓውንድ

ለንደን ውስጥ በስልክ አስተርጓሚነት እሠራለሁ። ሊሚትድ ካምፓኒ (በሕግ ከባለቤቱ የተለየ ድርጅት) አለኝ፤ ዳይሬክተሩ እኔ፣ ሠራተኛውም እኔ፣ ቢሮው ደግሞ የመኝታ ቤቴ ጥግ። ጠረጴዛዋ በቁም ሳጥኑና በመስኮቱ መሀል ተሸጉጣለች፤ ወንበሩን ወደኋላ ስገፋው አልጋው ያስቆመዋል።

ከቤት ለሚሠራ ሰው ተጨማሪው መብራትና ማሞቂያ በሥራ ወጪነት ይያዛል፤ ስንት እንደሚያዝ ግን የመጀመሪያው ዓመት ላይ ተሸውጃለሁ። ታክሲ የሚሠራ ጓደኛዬ "በወር ስንት ሰዓት ቤት ትሠራለህ?" አለኝ። 80 ገደማ አልኩት። "እንግዲያው 18 ፓውንድ ጻፍ።" ጻፍኩ። የሱ ምክር ለሱ ልክ ነው፣ ሴልፍ ኢምፕሎይድ ነዋ፣ ያለ ካምፓኒ በራሱ ስም የሚሠራ። በሰዓት ብዛት በወር 10፣ 18 ወይም 26 ፓውንድ የሚለው ሰንጠረዥ የነሱ ነው። እኛ የሊሚትድ ካምፓኒ ዳይሬክተሮች ግን ለታክስ ቢሮው የራሳችን ካምፓኒ ተቀጣሪዎች ነን። የኛ ሒሳብ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ በሳምንት 6 ፓውንድ ነው፤ በወር 26፣ በዓመት 312። እኔ የወሰድኩት 216 ብቻ። 96 ፓውንድ በከንቱ ቀረ።

መጀመሪያ ወረቀት ይዘጋጅ። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ ሠራተኛው በሳምንት ይህን ያህል ቀን ከቤቱ ይሠራል፣ ካምፓኒው ለተጨማሪ መብራትና ማሞቂያ 6 ፓውንድ ይከፍላል። እንደ ዳይሬክተር ፈረምኩ፤ ወረድ ብዬ እንደ ሠራተኛ ደገምኩት። ሁለት አንድ ዓይነት ፊርማ ጎን ለጎን ሲታይ ያስቃል። ይሁን፣ ቀን ጻፉበት።

ከዚያ በየወሩ 26 ፓውንድ ከካምፓኒው አካውንት ወደ ግል አካውንታችሁ ይለፍ። የመብራት ቢል ማያያዝ አያስፈልግም። ደመወዝ ስላልሆነ ፔይስሊፕ (የደመወዝ ወረቀት) ላይ አይገባም፤ የገቢ ታክስም ናሽናል ኢንሹራንስም የለበትም። ማስተላለፉን ከረሳችሁ የሒሳብ ዓመቱ ሳይዘጋ ካምፓኒው ያለበት ዕዳ ተደርጎ በዳይሬክተር ሎን ሒሳባችሁ፣ ማለትም በእናንተና በካምፓኒው መሀል ያለው ብድር በሚጻፍበት መዝገብ ላይ ይመዝገብ።

"ትክክለኛውን ወጪ ባስላ አይበልጥም?" ብዬ አንድ ቅዳሜ ካልኩሌተር ይዤ ተቀመጥኩ። መብራትና ጋዝ በወር 150 ፓውንድ። ክፍሎቹ አራት፣ ስለዚህ የአንዱ ድርሻ 37.50። ክፍሉ ለሥራ የሚውለው 60 በመቶ ቢባል 22.50። ከ26ቱ አነሰ! ያውም ከቢሉ ብዙውን የሚበላው የእሁዱ ምጣድ ነው፤ እንጀራ ደግሞ የካምፓኒ ወጪ አይሆንም።

ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሰው ክፍሉን ለካምፓኒው ያከራያል። በጽሑፍ ውል፣ ከገበያ ዋጋ ባልበለጠ። ያኔ የካውንስል ታክስና የኢንሹራንስ ድርሻም ይታሰባል። ኪራዩ ግን የእናንተ ገቢ ስለሆነ በየዓመቱ ሴልፍ አሰስመንት (የግል የታክስ ማስታወቂያ) ላይ ይሞላል። ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ ክፍሉን ለሥራ ብቻ ነው አትበሉ፤ ስትሸጡት በዚያ ድርሻ ላይ የካፒታል ጌይንስ ታክስ፣ ማለትም ከሽያጩ በተገኘው ትርፍ ላይ የሚከፈል ታክስ ሊመጣ ይችላል። እኔ ራሴ ተከራይ ነኝ፤ ያለ አከራዬ ፈቃድ መልሼ ማከራየት ስለማልችል ትቼዋለሁ።

የኢንተርኔት ክፍያ ላይ ተጠንቀቁ። በግል ስማችሁ የተዋዋላችሁትን ካምፓኒው ከከፈለላችሁ እንደ ጥቅማጥቅም ተቆጥሮ ታክስ ይጎትታል። ለሥራ ከሆነ ውሉ በካምፓኒው ስም ይሁን። ሞባይልም እንዲሁ፤ አንድ ስልክ በካምፓኒው ውል ከሆነ ታክስ የለበትም።

በታክስ በኩል፣ ዓመታዊ ትርፉ ከ50,000 ፓውንድ ላልበለጠ ካምፓኒ የኮርፖሬሽን ታክሱ (በካምፓኒው ትርፍ ላይ የሚጣለው) 19 በመቶ ስለሆነ 312ቱ 59.28 ፓውንድ ታክስ ያስቀንሳል። 312ቱ ደግሞ ኪሳችሁ ገብቷል።

ጠረጴዛና ወንበር በካምፓኒው ካርድ ግዙ፣ ደረሰኙም በስሙ ይሁን። ንብረቱ ግን የካምፓኒው ነው። ካምፓኒውን የዘጋሁ ቀን ይህን የተላላጠ ወንበር በጊዜው ዋጋ ከራሴ ላይ ልገዛው ነው።