የአልጀብራ ውድድር ጥያቄዎችን ከተጠየቀው ነገር ተነሥቶ ስለ መፍታት

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት ቤት የሚለምደው አሠራር የታወቀ ነው፦ ያልታወቀውን ቁጥር ሀ ብሎ ይሰይማል፣ እኩልነቱን ይጽፋል፣ የሀ ዋጋ እስኪገኝም ድረስ ደረጃ በደረጃ ይሠራል። የውድድር ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የሀን ዋጋ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ከሀ የሚመነጭ ሌላ መጠን ነው። ስለዚህ እስክሪብቶ ከማንቀሳቀስ በፊት የጥያቄውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ማንበብና የተጠየቀውን ነገር ከወረቀቱ ራስጌ መጻፍ ይገባል።

ለምሳሌ የሁለት ቁጥሮች ድምር 10፣ ብዜታቸውም 23 ቢሆን፣ የካሬዎቻቸው ድምር ስንት ነው? በግምት የሚሞክር ተማሪ 3ንና 7ን ሲያባዛ 21፣ 4ንና 6ን ሲያባዛ 24 ያገኛል፤ 23ን የሚሰጡ ሙሉ ቁጥሮች ስለሌሉም እዚያው ይቆማል። ቁጥሮቹን ለይቶ ለማውጣት የሚታገለው ደግሞ ምንም እንኳ በመጨረሻ ቢደርስም፣ የካሬ ሥር ውስጥ ገብቶ ጊዜውን ይጨርሳል። የተጠየቀው ሀ² + ለ² መሆኑን ያስተዋለ ተማሪ ግን (ሀ + ለ)² = ሀ² + 2ሀለ + ለ² የሚለውን ያስታውሳል፤ 100 = ሀ² + ለ² + 46 ስለሚሆን መልሱ 54 ነው። ቁጥሮቹ እነማን እንደሆኑ እስከ መጨረሻው አላወቅንም፤ ማወቅም አላስፈለገንም። እዚህ ላይ (ሀ + ለ)² ከ ሀ² + ለ² ጋር እኩል ነው ብሎ የሚያስብ ተማሪ እጅግ ብዙ ነው፤ ይህን ስሕተት በቃል ከመከልከል ይልቅ በ3ና በ4 እንዲሞክረው ማድረግ ይሻላል፤ በአንዱ መንገድ 49፣ በሌላው 25 ሲያገኝ ራሱ ይታረማል።

ያው ሐሳብ መልኩን ለውጦ ይመጣል። ሀ + 1/ሀ = 3 ከሆነ ሀ² + 1/ሀ² ስንት ነው ቢባል፣ ሀ እና 1/ሀ ሲባዙ ምንጊዜም 1 ስለሚሰጡ ጥያቄው ድምራቸው 3፣ ብዜታቸው 1 ስለሆኑ ሁለት ቁጥሮች ከሚጠየቀው ጋር አንድ ነው፤ መልሱም 9 − 2፣ ማለትም 7 ይሆናል።

ብዙ እኩልነቶች ሲሰጡም አንዱን ከሌላው ለመተካት መቸኮል አያስፈልግም። ሦስት ከረጢት ጤፍ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲመዘኑ 17፣ 23 እና 20 ኪሎ ቢመጡ፣ ሦስቱን ልኬቶች መደመር 60 ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ከረጢት ሁለት ጊዜ ስለተመዘነ የሦስቱ ክብደት 30 ኪሎ ነው። ከባዱ ከረጢት ቢጠየቅ፣ ከ30 ላይ ትንሹን ልኬት 17ን ቀንሶ 13 ኪሎ ማለት ይበቃል።

ተማሪን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ያሉት አንድ እኩልነት ነው፤ ለምሳሌ ሀ እና ለ ከዜሮ የሚበልጡ ሙሉ ቁጥሮች ሆነው ሀለ + ሀ + ለ = 34 ቢሆን፣ ሀ + ለ ስንት ነው? በግራና በቀኝ 1 ሲጨመር ግራው (ሀ + 1)(ለ + 1)፣ ቀኙ 35 ይሆናል። 35 በሙሉ ቁጥሮች ብዜትነት የሚጻፈው 1 × 35 ወይም 5 × 7 ተብሎ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው አንዱን ቁጥር ዜሮ ስለሚያደርገው ይወድቃል፤ ከሁለተኛው 4ና 6 ይገኛሉ፤ ድምራቸውም 10 ነው። ሙሉ ቁጥሮች የምትለዋ ቃል ጥያቄውን የምትፈታ ቁልፍ ናት፤ እርሷን ዘሎ ያነበበ ተማሪ መንገድ የለውም።

በምርጫ መልክ በሚቀርብ ፈተና ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የሚሰጠው ኤኤምሲ 8 የተባለው የተማሪዎች የሒሳብ ውድድር ለ25 ጥያቄዎች 40 ደቂቃ ይፈቅዳል፤ ለአንዱ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ነው። እንዲህ ባለ ጥድፊያ የሀን ዋጋ ያገኘ ተማሪ፣ የተጠየቀው 2ሀ + 1 ሆኖ ሳለ፣ ያገኘውን ቁጥር ከምርጫዎቹ መካከል ሲያየው ደስ ብሎት ያከብበዋል። ከራስጌ የተጻፈው ማስታወሻ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው። በዚህ ፈተና የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማያስቀንስ፣ ጊዜ ባለቀ ጊዜ ባዶ የተተወውን ሁሉ በግምትም ቢሆን መሙላት ይገባል።

በልምምድ ጊዜ ግን ሰዓት ባይያዝ እመርጣለሁ፤ ያልተፈታ ጥያቄ መፍትሔው ከታየ በኋላ ተሸፍኖ ከሦስት ቀን በኋላ ከባዶ ወረቀት እንደገና ሊሠራ ይገባል።