ከተማሪዎች ጋር ሊንክ ስናጠራቅም የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴና ኮምቦልቻ የምናስተምር ብዙዎቻችን ለየክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። የሚነበብ ነገር ስናገኝ ሊንኩን እዚያው እንለጥፋለን። ሳምንት ሳይሞላ በ«እሺ መምህር» እና በ«ፈተናው መቼ ነው?» ይዋጣል። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ቴሌግራም ለማሳወቅ ጥሩ ነው። ለማስቀመጥ ግን ክፍሉ በጋራ የሚጠቀምበት፣ በርዕስ ተፈልጎ የሚገኝበት እንደ ዲጎ (Diigo) ወይም ዞቴሮ (Zotero) ያለ የሊንክና የጽሑፍ ማስቀመጫ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ግን ሊንክ በቁጥር ማዘዝ ነው። ኮምቦልቻ ያለ የጨርቃጨርቅ ምህንድስና ተማሪ ስለ ማቅለሚያ ፍሳሽ ማጣሪያ አሥር ሊንክ አምጣ ተባለ እንበል። ጎግል ያደርግና ከላይ ያሉትን አሥሩን ሳይከፍት ይጭናቸዋል። ቁጥሩ ሞላ፣ የተነበበ ግን የለም። ሦስት ሊንክ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ሥር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ ጽሑፉ ምን ይላል? በኮምቦልቻ ለሚያልፈው ለቦርከና ወንዝ ይሠራል? «ዘዴው ቀለሙን ያጠራል፤ ሙከራው ግን ላብራቶሪ ውስጥ በተበጠበጠ ቀለም ነው፣ የፋብሪካ ፍሳሽ አልሞከሩበትም» ብሎ የጻፈ ተማሪ በደንብ አንብቧል። ነጥቡን ለዚህ ስጡ። ዲጎ ላይ ደግሞ አንቀጹን ሃይላይት አድርጎ እዚያው ማስታወሻ መለጠፍ ይቻላል። ሌላው ተማሪ ከሥሩ «አልስማማም» ብሎ ምክንያቱን ይጽፋል። እኔ እነዚህን መሣሪያዎች የምወዳቸው ለዚህ ነው፤ ተማሪ ጽሑፉን ይዞ ይከራከራል።

ታግን፣ ማለትም ሊንኩን በርዕስ ለመፈለግ የሚለጠፍበትን ቃል፣ ለየተማሪው ምርጫ መተውም ያስቸግራል። በአማርኛ ሲሆን ይብሳል። አንዱ «ውሃ» ይላል፣ ሌላው «ውኃ»፣ ሦስተኛው በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል። ለኮምፒውተሩ ሦስቱም ለየቅል ናቸው፤ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይመጣም። ገና በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከተማሪዎቹ ጋር ጥቂት ታጎች ምረጡ፣ አጻጻፋቸውንም ወስኑ። ሁለት ቃል ከሆነ በሰረዝ አያይዙት፤ አንዳንዱ መሣሪያ ክፍተት ሲያይ ለሁለት ይከፍለዋል።

ሊንኩ የሚቀመጥበትን የዲጎ ወይም የዞቴሮ ግሩፕ ለማንም ክፍት አታድርጉ። የተማሪ ስምና ገና ያልበሰለ አስተያየቱ ጎግል ላይ መውጣት የለበትም።

ሁሉንም በአንድ ድርጅት ላይ ጥሎ መቀመጥም አያዋጣም። ዴሊሸስ የሚባለው የሊንክ ማስቀመጫ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ፣ በ2005 ያሁ ገዛው፣ በ2017 ተፎካካሪው ፒንቦርድ እጅ ገብቶ አዲስ ሊንክ መቀበል አቆመ። ጽሑፍ በኋላ ለማንበብ የሚቀመጥበት ፖኬትም በ2025 ተዘግቷል። ስለዚህ ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር ሁሉንም ኤክስፖርት አድርጋችሁ ፍላሽ ላይ ያዙ። ገጾቹ ራሳቸውም ይጠፋሉና ዋና ዋናዎቹን ዌይባክ ማሽን በሚባለው የድረ ገጽ ቅጂ ማስቀመጫ ላይ አስቀምጡ።

በመጨረሻ፣ ተማሪው ሁሌ ዳታ አለው ብላችሁ አታስቡ። ፓኬጅ ያልቃል፣ ኔትወርክም ይጠፋል። ዞቴሮ ፒዲኤፉን ኮምፒውተር ላይ ስለሚያስቀምጥ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ኦንላይን በነፃ የሚሰጠው ቦታ ግን 300 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ የግሩፕ ፋይል ደግሞ የሚቆጠረው ከግሩፑ ባለቤት ድርሻ ላይ ነው። ከባድ ከባዱን ፒዲኤፍ በፍላሽ አዳርሱ፤ ኦንላይን ሊንኩና ማስታወሻው ይቀመጥ።