በኦንላይን ብሊትዝ ቼስ ብቃትን ደረጃ በደረጃ እንዴት ማሻሻል ይቻላል

የብሊትዝ ጨዋታ፣ ማለትም በጣም አጭር ሰዓት ያለው ቼስ፣ በሰዓት የተሸነፈ ሰው ብዙውን ጊዜ «እጄ ዘገየብኝ» ይላል። በደሴ ከወጣት ተጫዋቾች ጋር እየተቀመጥኩ የኦንላይን ጨዋታዎቻቸውን ስንመረምር ይህንኑ ምክንያት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን ጨዋታው ከመጀመሪያው ተከፍቶ እያንዳንዱ እርምጃ የወሰደው ሰከንድ ሲታይ ሌላ ነገር ይገለጣል። ሰዓቱ የባከነው ከመጨረሻው ደቂቃ በጣም ቀድሞ፣ ተጫዋቹ ብዙም ልዩነት በሌላቸው ሁለት እርምጃዎች መካከል ሲያመነታ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር የሚያተኩረው ያለውን ጊዜ በሚገባው ቦታ በማዋል ላይ ነው። አሠራሩን ለመከተል አንድ ስልክ፣ አንድ ደብተርና በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል።

1. አንድ የሰዓት ዓይነት መርጠው ይጽኑ

በዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊዴ፣ ሕግ መሠረት ብሊትዝ ለአንድ ተጫዋች 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ የሚሰጥበት ጨዋታ ነው። የዓለም የብሊትዝ ሻምፒዮና የሚካሄደው በ3 ደቂቃና በእያንዳንዱ እርምጃ በሚታከል 2 ሰከንድ ነው፤ ይህም በአጭሩ 3+2 ተብሎ ይጻፋል። በኦንላይን ከዚህ ሌላ 3+0፣ 5+0 እና 5+3 የተለመዱ ናቸው። አንድ ጨዋታ 40 እርምጃ ይፈጃል ብለን ብናሰላ፣ በ3+0 ለአንድ እርምጃ 4.5 ሰከንድ፣ በ3+2 ደግሞ 6.5፣ በ5+0 እንዲሁ 7.5፣ በ5+3 ግን 10.5 ሰከንድ ይደርሳል። ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው የሚጫወት ሰው አእምሮው ከየትኛውም ፍጥነት ጋር ሳይላመድ ይቀራል።

በወሎ ከተሞች ለሚጫወት ሰው እኔ የምመክረው ጭማሪ ሰከንድ ያለውን፣ ማለትም 3+2ን ወይም 5+3ን ነው። ኔትወርክ ለአፍታ ሲቆራረጥ ወይም መብራት ጠፍቶ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲቀየር የሚባክነውን ጊዜ ጭማሪው በመጠኑ ይክሰዋል፤ በ3+0 ግን የተሻለ ቦታ ላይ ያለ ተጫዋች በዚህ ብቻ ሊሸነፍ ይችላል። ከጨዋታው በፊት ስልኩን ቻርጅ ማድረግ፣ ሌሎች መተግበሪያዎችን መዝጋትና ፖን፣ ማለትም ትንሹ ወታደር ጠጠር፣ የሰሌዳው መጨረሻ ሲደርስ በቀጥታ ንግሥት እንዲሆን የሚያደርገውን ምርጫ ማብራት ያስፈልጋል። በትንሽ ስክሪን ላይ ጠጠሩን እየጎተቱ ማንቀሳቀስ በስሕተት አጠገብ ባለው ቤት ላይ ሊያሳርፈው ስለሚችል፣ መጀመሪያ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ የሚሄድበትን ቤት መንካት የተሻለ ነው።

2. 20 ጨዋታዎችን በደብተር ይመዝግቡ

ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው፣ ነገር ግን ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ ይህ ነው። የቼስ መጫወቻ ድረ-ገጾቹ ሊቼስም ሆነ ቼስ ዶት ኮም ጨዋታው ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ እርምጃ የፈጀውን ጊዜ ያሳያሉ። በተመረጠው የሰዓት ዓይነት 20 ጨዋታዎችን ይጫወቱና ለእያንዳንዱ አራት ነገሮችን ይጻፉ፦ ሰዓትዎ ግማሽ ሲደርስ ስንተኛው እርምጃ ላይ እንደነበሩ፣ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው እርምጃ የትኛው እንደሆነና ስንት ሰከንድ እንደፈጀ፣ ያ ረጅም ሐሳብ ትክክለኛውን እርምጃ አስገኝቶ እንደሆነ፣ በመጨረሻም የተሸነፉ ከሆነ የሽንፈቱ ምክንያት ሰዓት፣ በነፃ የተበላ ጠጠር፣ የመክፈቻ ስሕተት ወይስ የመጨረሻ ጨዋታ እንደነበረ።

በ3+2 የሚጫወት ሰው 20ኛው እርምጃ ላይ ሲደርስ በሰዓቱ ላይ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ያህል ቢቀረው፣ 40 እርምጃ ለሚፈጅ ጨዋታ ልክ በመንገዱ ላይ ነው። ይህ ግማሽ በ12ኛው እርምጃ የሚደርስበት ከሆነ ችግሩ በመክፈቻው ወይም ወዲያው ከእሱ በኋላ ባለው ክፍል ላይ ነው። በተቃራኒው 30ኛው እርምጃ ላይ 2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይዞ ጠጠሮቹን በነፃ የሚያስበላ ተጫዋችም አለ፤ ለዚህኛው ተጫዋች «ፍጠን» ማለት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ሁለቱ ተጫዋቾች አንድ ዓይነት ሬቲንግ፣ ማለትም ከውጤታቸው የሚሰላ የብቃት ነጥብ፣ ሊኖራቸው ይችላል፤ የሚያስፈልጋቸው ልምምድ ግን ፍጹም የተለያየ ነው።

ሬቲንግን በተመለከተ፣ በአንድ ምሽት ውጤት ብቃትን መመዘን አይገባም። አቻ የማይወጣ ጨዋታ ብለን ብናስብና ተጋጣሚዎቹ ፍጹም እኩል ቢሆኑ እንኳ፣ አንድ ተጫዋች ከ10 ጨዋታ ሰባቱን ወይም ከዚያ በላይ የመሸነፍ ዕድሉ 17 በመቶ ነው። ይህም ማለት ከስድስት ምሽቶች በአንዱ ያህል ምንም ሳይበላሽ ሬቲንግ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። ብዙ ወጣቶች በእንዲህ ያለ ምሽት ተስፋ ቆርጠው መክፈቻቸውን ሲቀይሩ ማየት ያሳዝነኛል፤ ያልተበላሸውን ነገር እያፈረሱ ነውና።

3. ረጅም ሐሳብ የሚገባውን ቦታ ይለዩ

በአንድ የብሊትዝ ጨዋታ ውስጥ ከ20 ሰከንድ በላይ ማሰብ የሚገባው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው ንግሥቶች ሊለዋወጡ ወይም የፖኖች አሰላለፍ ሊቀየር ሲል ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደኋላ መመለስ አይቻልምና። ሁለተኛው የራስ ወይም የተጋጣሚ ንጉሥ በቀጥታ ሲጠቃ፣ ሦስተኛው ደግሞ ተጋጣሚው ጠባቂ የሌለው ጠጠር ትቶ ሲገኝ ነው። ከእነዚህ ውጭ ሁለት እርምጃዎች እኩል መስለው ከታዩ እኩል ናቸው ብሎ መቁጠርና ከጠጠሮቹ ሁሉ ሥራ የፈታውን ወደተሻለ ቦታ ማንቀሳቀስ ይበቃል።

በተጋጣሚው ሰዓት ላይ ዓይንን ከስክሪን ማንሣትም ትልቅ ብክነት ነው። እሱ ሲያስብ የሰሌዳውን አጠቃላይ ሁኔታ ይመልከቱ፤ የትኛው ጠጠር ጠባቂ የለውም፣ የማን ንጉሥ ተጋልጧል፣ የትኛው ፖን ወደፊት ሊሄድ ይችላል የሚሉትን። እሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀድማል፦ አሁን ምን ሊበላኝ፣ ምን ቼክ ሊለኝ ይችላል? ይህ ጥያቄ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፤ በነፃ የሚበሉ ጠጠሮችን ቁጥር የሚቀንሰው ግን እሱ ነው።

ጥንታዊው የሀገራችን ቼስ፣ ሰንጠረዥ፣ ይህን ልማድ የሚያስተምር ሥርዓት ነበረው። ወረራ በሚባለው የመክፈቻ ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ በአንድነት ጠጠሮቻቸውን ያሰልፉ ነበር። የራሱን እጅ ብቻ የሚያይ ሰው የተጋጣሚውን አሰላለፍ ሳያውቅ ጦርነቱ ይጀመርበታል። በብሊትዝም ከ1ኛው እስከ 10ኛው እርምጃ በፍጥነት የሚጫወቱ፣ ነገር ግን የሌላውን እጅ የማያዩ ሰዎች የሚወድቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

4. ጥቂት መክፈቻ፣ ብዙ ቅርጽ

በነጭ አንድ፣ በጥቁር ሁለት መክፈቻ ይበቃል፤ ለምሳሌ በነጭ ሎንደን ሲስተም፣ በጥቁር ነጩ በኢ4 (የንጉሡን ፊት ፖን ሁለት ቤት በመግፋት) ሲጀምር ካሮ-ካን፣ በዲ4 (የንግሥቷን ፊት ፖን ሁለት ቤት በመግፋት) ሲጀምር ደግሞ አንድ የተለመደ መልስ። የመጀመሪያዎቹን 8 እርምጃዎች ከ30 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ለመጫወት የሚያስችል ዕውቀት ካለ በመክፈቻ ላይ ተጨማሪ ሰዓት ማጥፋት አያስፈልግም።

ትርፉ ጊዜ ለፐዝል፣ ማለትም ትክክለኛው እርምጃ ለሚፈለግበት የቼስ እንቆቅልሽ፣ ይዋል። በ1973 እ.ኤ.አ. ዊልያም ቼይዝና ኸርበርት ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለ5 ሰከንድ ብቻ የታየው ማስተር አብዛኞቹን ጠጠሮች በቦታቸው መልሶ ሲደረድር፣ ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ከጀማሪው ብዙም አልተሻለም። የጠንካራ ተጫዋች ፍጥነት ምንጩ ቅርጾችን ማወቁ ነው። በመሆኑም 100 ቀላልና መካከለኛ ፐዝሎችን ይምረጡ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ሰዓት፣ መልሱ እስኪረጋገጥ ድረስ ይሥሩ፤ በሁለተኛው ሳምንት እነዚያኑ መልሰው ይሥሩ፤ በሦስተኛው ደግሞ ሲያዩዋቸው መልሱ ወዲያው እስኪመጣ ድረስ ይድገሙ። የሊቼስ ፐዝል ስቶርም በ3 ደቂቃ ሰዓት ስለሚጀምር ከዚህ በኋላ ለመፈተኛ ይሆናል፤ ከእሱ መጀመር ግን መገመትን ያስለምዳል።

5. በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የሚሠራውን አስቀድመው ይለማመዱ

ንጉሥና ንግሥት በብቸኛ ንጉሥ ላይ ቢበዛ በ10 እርምጃ፣ ንጉሥና ሩክ ደግሞ ቢበዛ በ16 እርምጃ ቼክሜት ያደርጋሉ። ንግሥቷን ይዞ በ15 ሰከንድ ማሸነፍ የማይችል ሰው ያተረፈው ጠጠር ሁሉ ከንቱ ሊሆንበት ይችላል። በተለይም ተጋጣሚው ቼክ ሳይኖርበት መንቀሳቀሻ አጥቶ ጨዋታው አቻ እንዳይወጣ፣ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት ለንጉሡ አንድ ቤት መቅረቱን ማየት ያስፈልጋል። የእርስዎ ሰዓት ቢያልቅና ተጋጣሚው ብቸኛ ንጉሥ ብቻ ቢቀረው ጨዋታው አቻ ነው፤ ስለዚህ በሰዓት ሲጨነቁ የመጨረሻውን ፖኑን መብላት ግማሽ ነጥብ ያድናል።

ፕሪሙቭ፣ ማለትም ተጋጣሚው ሳይንቀሳቀስ እርምጃን አስቀድሞ ማዘዝ፣ በሊቼስ ምንም ሰዓት አይወስድም፤ በቼስ ዶት ኮም ደግሞ 0.1 ሰከንድ ይወስዳል። ተጋጣሚው አንድ ምርጫ ብቻ ሲኖረው ወይም የሚመጣው ሁሉ የማይጎዳ ሲሆን ብቻ ይጠቀሙበት።

6. በቡና ሥርዓት ያህል ይጫወቱ

በወሎ ቤት ቡና ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶናም ወደ በረካ የሚሄደው በመሐሉ ጨዋታና ዱዓ እየገባ፣ ሳይቸኩል ነው። ለብሊትዝም ይህንኑ መጠን እመክራለሁ። አንድ ጨዋታ ይጫወቱ፤ ከዚያ ለአምስት ደቂቃ ያህል ረጅም ጊዜ የወሰደውን እርምጃና የመጀመሪያውን ትልቅ ስሕተት ያለ ኮምፒውተር እርዳታ ይፈልጉ፤ ቀጥሎ ስቶክፊሽ በተባለው የቼስ ኮምፒውተር ፕሮግራም ያረጋግጡ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጨዋታ ይለፉ። በአንድ መቀመጫ ከሦስት እስከ ስድስት ጨዋታ ይበቃል፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከተሸነፉ ስልኩን ያስቀምጡ፤ የተቆጣ ሰው ሰሌዳውን አያነብምና። ስቶክፊሽን በጨዋታ ላይ መጠቀም ግን ማጭበርበር ነው፤ መለያውም ይዘጋል።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃና 10 ሰከንድ ጭማሪ ያለው አንድ ረጅም ጨዋታ ይጫወቱ፤ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ ጓደኛ ካለ ፊት ለፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ከጨዋታው በኋላ ሁለቱም ያሰቡትን ስለሚነጋገሩ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ሌላ 20 ጨዋታ በዚያው ደብተር ይመዝግቡና ከመጀመሪያው አጠገብ ያስቀምጡት። አስቀድመው የሚያነጻጽሩት ሬቲንጉን አይደለም፤ ሰዓቱ ግማሽ የደረሰበትን የእርምጃ ቁጥርና ከ20 ሰከንድ በላይ ከወሰዱት ሐሳቦች ውስጥ ስንቱ በእርግጥ የሚገባቸው እንደነበሩ ነው። የእርምጃው ቁጥር ወደ 20 ተጠግቶ በነፃ የሚበላው ጠጠር ካልቀነሰ የቀጣዩ ስድስት ሳምንት ልምምድ በ4ኛው ክፍል ላይ፣ ጠጠሩ ቀንሶ ሰዓቱ ግን አሁንም ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ በ3ኛው ላይ ያተኩር።